ዊልያም ፋር

ዊልያም ፋር (ኖቬምበር 30 ቀን 1807 – ኤፕሪል 14 ቀን 1883 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ ሐኪምና የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነበር። የእንግሊዝና የዌልስ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ በሚያዝበት ጠቅላይ የምዝገባ መሥሪያ ቤት ለ40 ዓመታት ያህል ሠርቷል። የሞት ምክንያቶችን በሥርዓት መድቦ በመቁጠሩና ከቁጥሩ ትምህርት በማውጣቱ ከወረርሽኝ ጥናት (ኤፒዴሚዮሎጂ) መሥራቾች አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል። ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከኮሌራ ጋር ተያይዞ ነው። ይሁን እንጂ ፋር ጋዜጦች ራስን ስለ ማጥፋት የሚጽፉበትን መንገድ እንዲያርሙ በመንግሥት ዘገባ ላይ ከጠየቁት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱም ነው። ጥያቄውን ያቀረበው በ1841 ሲሆን፣ ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ለጋዜጠኞች የሚሰጠው ምክር በብዙ ነገር ከእርሱ ሐሳብ ጋር ይገጥማል። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ጊዜና ትምህርት

ፋር የተወለደው በምዕራብ እንግሊዝ፣ በሽሮፕሺር ግዛት፣ ኬንሊ በምትባል መንደር ነው። ወላጆቹ ድኾች ነበሩ፤ አባቱ በሰው እርሻ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። በልጅነቱ በሽሩስበሪ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ዶሪንግተን የሚኖር ጆሴፍ ፕራይስ የተባለ ባለርስት ወስዶ አሳደገው፣ አስተማረውም። ፋር በወጣትነቱ በሽሩስበሪ ሆስፒታል የሐኪም ረዳት ሆኖ ሲሠራ ሕክምናን በተግባር መማር ጀመረ።

ፕራይስ በ1828 ሲሞት ለፋር 500 ፓውንድ ተናዘዘለት። ወጣቱ በዚህ ገንዘብ ወደ ፓሪስ ሄዶ ከ1829 እስከ 1831 ሕክምና ተማረ። በዚያን ጊዜ በፓሪስ ፒየር ሉዊ የተባለው ሐኪም አንድ መድኃኒት መጥቀሙንና አለመጥቀሙን ለማወቅ በሽተኞችን ቆጥሮ ማነጻጸር እንደሚያስፈልግ ያስተምር ነበር። ይህ የቁጥር መንገድ በፋር አእምሮ ውስጥ ቀረ። ወደ ለንደን ተመልሶ ትምህርቱን በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቀጠለና በ1832 የሕክምና ፈቃድ አገኘ። ከዚያ በላይ የሕክምና ዲግሪ ስላልነበረው ብዙ ገቢ ያለው ሐኪም መሆን አልቻለም። የዕለት ጉርሱን ለማግኘት ሕክምናን ከመጻፍ ጋር አጣምሮ ይሠራ ነበር። ቶማስ ዌክሊ በ1823 በመሠረተው ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ጽሑፎች አወጣ።

ፋር በ1833 ትዳር መሠረተ፤ ነገር ግን ሚስቱ ከአራት ዓመት በኋላ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። በዚያው በ1837 ስለ ሕይወትና ሞት አኀዞች የጻፈው ሰፊ ምዕራፍ፣ ማክሎክ ስለ ብሪታኒያ ግዛት ባዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ ታተመ። ምዕራፉ ስሙን አስጠራለት፤ ለሚቀጥለው ሥራውም በር ከፈተለት። በ1842 ሜሪ ኤልሳቤጥ ዊታልን አግብቶ ስምንት ልጆች ወለዱ።

በምዝገባ መሥሪያ ቤት

በእንግሊዝ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መዝገብ መጻፍ የጀመረው ከጁላይ 1 ቀን 1837 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት መዝገቡን የሚይዙት አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ፤ መዝገባቸውም ጥምቀትንና ቀብርን እንጂ የሞትን ምክንያት አይናገርም ነበር። የአዲሱ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ሹም ቶማስ ሄንሪ ሊስተር ልብ ወለድ ደራሲ ነበር። ፋር በ1830ዎቹ መጨረሻ የመዝገቡን ፍሬ ነገር አውጥቶ በሰንጠረዥ የሚያጠቃልል ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ።

ሥራው ሲጀመር ትልቁ ችግር የስም አለመስማማት ነበር። አንዱ ሐኪም ለአንድ በሽታ የሚሰጠውን ስም ሌላው ለሌላ በሽታ ይሰጠዋል፤ አንዳንዱም የምልክቱን ስም እንደ በሽታው ስም አድርጎ ይጽፋል። ፋር ሁሉም የሚስማማባቸው ስሞች ካልተዘጋጁ ቁጥሩ ፋይዳ እንደማይኖረው አስረዳ። ስለዚህ የሞት ምክንያቶችን ዝርዝር አዘጋጅቶ ለሐኪሞች እንዲላክ አደረገ። በየዓመቱ በሚወጣው የመሥሪያ ቤቱ ዘገባ ላይም በደብዳቤ መልክ ሰፊ ማብራሪያ ይጽፍ ነበር። በእነዚህ ደብዳቤዎች ቁጥሩን ከማቅረብ አልፎ ቁጥሩ ምን እንደሚያመለክትና ምን መደረግ እንዳለበት ይናገር ነበር።

ይህ ድፍረቱ ቶሎ ክርክር አመጣበት። በመጀመሪያው ዘገባ 63 ሰዎች በረሃብ እንደ ሞቱ ሲጽፍ፣ የድኾች ሕግ አስፈጻሚ የነበረው ኤድዊን ቻድዊክ ተቃወመው። በአገሪቱ ለድኾች እርዳታ እያለ በረሃብ የሚሞት ሰው አለ ማለት አስተዳደሩን መክሰስ ነበርና። ፋር ግን ረሃብ በብዙ ሞቶች ላይ በበሽታ ስም ተሸፍኖ እንደሚያልፍ ተከራከረ። የሞትን ምክንያት በትክክለኛ ስሙ መጻፍ፣ ለማንም ደስ ባይል እንኳ፣ የሥራው መሠረት ነበር።

የጊዜው ጋዜጦችና ራስን ማጥፋት

ፋር መቁጠር በጀመረበት ዘመን ራስን ማጥፋት በእንግሊዝ ሕግ ወንጀል ነበር። እስከ 1823 ድረስ በዚህ ዓይነት የሞተ ሰው በመንገድ መገናኛ ላይ እንዲቀበር ይደረግ ነበር። ከዚያ ዓመት ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ግቢ መቀበር ቢፈቀድም፣ ቀብሩ በሌሊት ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ያለ ጸሎት እንዲፈጸም ታዘዘ። ሕጉ የሟቹን ንብረት ለመውረስም ይፈቅድ ነበር። ከዚህ የተነሣ መርማሪዎቹ ዳኞች ለቤተሰቡ አዝነው ሟቹ በዚያች ሰዓት አእምሮው ተነክቶ ነበር ብለው መወሰን ያዘወትሩ ነበር። ድርጊቱ ከወንጀልነት የወጣው በ1961 ነው።

በድንገት ወይም ባልታወቀ ምክንያት የሞተ ሰው ሁሉ ጉዳይ፣ ኮሮነር በሚባል ሹም በሚመራ የምርመራ ችሎት ይታይ ነበር። ችሎቱ ለሕዝብ ክፍት ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በአካባቢው መጠጥ ቤት ውስጥ ነበር። የጋዜጣ ወኪሎች በዚያ ተገኝተው ምስክሮች የተናገሩትን፣ ሟቹ የተወውን ደብዳቤና የአሟሟቱን ሁኔታ አንድ በአንድ ይጽፉ ነበር። ለአዘጋጁ ይህ ያለ ብዙ ወጪ የሚገኝና አንባቢ የሚወደው ወሬ ነበር።

በዚሁ ጊዜ ጋዜጣም እየረከሰ ነበር። በእያንዳንዱ ጋዜጣ ላይ ይጣል የነበረው የቴምብር ቀረጥ በ1836 ከአራት ፔኒ ወደ አንድ ፔኒ ወረደ፤ በ1855 ደግሞ ቀረ። በ1840ዎቹ መጀመሪያ በወንጀልና በአደጋ ወሬ የተሞሉ የእሑድ ጋዜጦች ወጡ። ቀድሞ በአንድ ሰፈር ተወርቶ ያልቅ የነበረ የአንድ ሰው ሞት አሁን በመላ አገሪቱ በብዙ ሺህ ቤቶች ይነበብ ጀመር።

የ1841ዱ ዘገባ

ፋር ስለ ራስን ማጥፋት የጻፈው በመሥሪያ ቤቱ ሦስተኛ ዓመታዊ ዘገባ ላይ ሲሆን፣ ዘገባው የወጣው በ1841 ነው። እንደ ልማዱ በቁጥር ጀመረ። የሟቾቹን ሙያ ሲመለከት ቤት ውስጥ ተቀምጠው የሚሠሩ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ የሌላቸውና እንቅልፍ የሚያጡ የእጅ ባለሙያዎች ከቤት ውጭ ከሚሠሩ ሰዎች ይልቅ ለዚህ አደጋ የተጋለጡ ሆነው አገኛቸው። በዘመኑ ብዙዎች ራስን ማጥፋትን እንደ ኃጢአት ወይም እንደ ወንጀል ብቻ ሲያዩት፣ ፋር ግን እንደ ሌሎቹ የሞት ምክንያቶች ሁሉ መነሻና መከላከያ ያለው ነገር አድርጎ መረመረው።

ቀጥሎ ወደ ጋዜጦች ዞረ። የግድያንና የራስን ማጥፋትን ወሬ እንደ ቲያትር አስጊጦ በዝርዝር ማተም እንዲቀር አዘጋጆች በጋራ ስምምነት አንድ መላ ቢፈልጉ መልካም እንደሚሆን አሳሰበ። ምክንያቱን ሲሰጥ፣ ሰው ከሰው አይቶ ራሱን እንደሚያጠፋ በሳይንስ በሚገባ የታወቀ ነገር ነው አለ። አንዲት አጭር የጋዜጣ አንቀጽ ሐሳቡን በብዙ ሰዎች ልብ ልትዘራ ትችላለች ብሎ አስጠነቀቀ። በተለይ አስቀድሞ የተጨነቀ ሰው ከወሬው ውስጥ አንዲት ቃል ወይም አንድ ዝርዝር ሊይዘውና በክፉ ሰዓት ሊያሸንፈው እንደሚችል ገለጸ። ወሬው በመታተሙ የሚገኘው ጥቅም አንድ ተጨማሪ ሰው ቢሞት ከሚደርሰው ጉዳት ይበልጣል ወይ የሚል ጥያቄም አነሣ። በትኩሳት የሞተ ሰው ታሪክ በጋዜጣ በሰፊው እንደማይተረክ አስታውሶ፣ ራሱን ያጠፋ ሰው ታሪክ በሰፊው የሚተረክበትን ምክንያት ጠየቀ።

በዚህ ሐሳብ ውስጥ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ ፋር ጉዳዩ ይደበቅ አላለም። እርሱ ራሱ የሟቾቹን ቁጥር፣ ዕድሜና ሙያ በመንግሥት ዘገባ ላይ በይፋ አትሟል። እንዲቀር የፈለገው የአንድን ሰው የመጨረሻ ሰዓት ለአንባቢ መዝናኛ ማድረግ ነበር። ሁለተኛ፣ ሕግ ይውጣ ወይም ጋዜጦች ይከልከሉ አላለም፤ ጥያቄውን ያቀረበው ለአዘጋጆች ኅሊና ነበር።

ፋር የጋዜጣ ጠላትም አልነበረም። ከ1840 ጀምሮ መሥሪያ ቤቱ የለንደንን ሟቾች ቁጥር በየሳምንቱ ሲያወጣ ጋዜጦች እየተቀበሉ ያትሙት ነበር፤ ፋርም ይህን እንደ ትልቅ ጥቅም ያየው ነበር። በ1866 ደስታ በሽታ የእንግሊዝን ከብት ሲፈጅና በፓርላማ ከዚህ የከፋ ጥፋት እንደሚመጣ ሲነገር፣ ፋር የቁጥሩን አካሄድ አስልቶ ወረርሽኙ በቅርቡ እንደሚበርድ ዴይሊ ኒውስ በተባለው ጋዜጣ ላይ ጻፈ። ወረርሽኙም ከጥቂት ጊዜ በኋላ በረደ። ለእርሱ ጋዜጣ ሕይወትን የሚያድን እውቀት ማድረሻ ነበር፤ ቅሬታውም ይኸው መሣሪያ በሌላ ገጹ ሰው ሊጎዳ መቻሉ ነበር።

ከአዘጋጆቹ በኩል ግን የጋራ ስምምነት አልመጣም። በዝርዝር የሚጻፈው የችሎት ወሬ ፋር በሕይወት በነበረበት ዘመን ሁሉ ቀጥሏል።

ኮሌራና የሐሳብ ለውጥ

በ1849 ኮሌራ በእንግሊዝና በዌልስ ከ53,000 በላይ ሰዎች ገደለ። ፋር በ1852 ባወጣው ሰፊ ዘገባ የለንደን ሰፈሮች ከቴምዝ ወንዝ በላይ ያላቸው ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሟቾች ቁጥር እንደሚቀንስ አሳየ። ከዚህም ተነሥቶ በሽታው በዝቅተኛ ቦታ ከሚከማች መጥፎ አየር ይመጣል ብሎ ደመደመ። ቁጥሮቹ ትክክል ነበሩ፤ ትርጓሜው ግን ስሕተት ነበር። ጆን ስኖ የተባለው ሐኪም በሽታው በተበከለ ውሃ እንደሚተላለፍ ሲከራከር፣ ማስረጃ የሆነውን የሟቾች ዝርዝር ያገኘው ከፋር መሥሪያ ቤት ነበር።

ስኖ በ1858 ሞተ። በ1866 ኮሌራ ተመልሶ በምሥራቅ ለንደን ከ5,000 በላይ ሰዎች ሲገድል ፋር ሟቾቹ ውሃ ያገኙበትን ኩባንያ መረመረ። በሽታው ከአንድ የውሃ ማጠራቀሚያ ጋር የተያያዘ መሆኑንም አገኘ። በዘገባው ላይ የውሃን ጥፋተኛነት በግልጽ ጻፈ። ለብዙ ዓመታት የያዘውን ሐሳብ በማስረጃ ፊት መተዉ ዛሬም እንደ ጥሩ የሳይንስ አርአያ ይጠቀሳል።

ፋር ከክሪሚያ ጦርነት በኋላ ከፍሎረንስ ናይቲንጌል ጋርም ሠርቷል። የብሪታኒያ ወታደሮች በብዛት የሞቱት በጦር ቁስል ሳይሆን ሊከለከል በሚችል በሽታ መሆኑን በቁጥር ለማሳየት በስሌቱ ረድቷታል።

የሕይወት ሰንጠረዥና የስሌት ማሽን

የሕይወት ሰንጠረዥ በየዕድሜው ስንት ሰዎች እንደሚሞቱና የቀሩት በአማካይ ስንት ዓመት እንደሚኖሩ የሚያሳይ ስሌት ነው። ፋር ሦስት የእንግሊዝ የሕይወት ሰንጠረዦች ሠርቷል። በ1864 ለወጣው ሦስተኛው ሰንጠረዥ የተጠቀመው ስዊድናውያኑ ሾይትስ አባትና ልጅ፣ የቻርልስ ባቤጅን ሐሳብ ተከትለው በፈለሰፉት የልዩነት ማሽን ዓይነት ነበር። ማሽኑ በብሪታኒያ መንግሥት ትእዛዝ በለንደን የተሠራ ሲሆን፣ ራሱ አስልቶ ውጤቱን በማተሚያ ቅርጽ ያወጣ ነበር። ያለ ማቋረጥ ክትትል ስለሚፈልግ የሰንጠረዡ ሥራ ሁሉ በእርሱ ሊያልቅ አልቻለም። እንዲህም ሆኖ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የስሌት ማሽንን ለትልቅ ሥራ ከተጠቀመባቸው የመጀመሪያ አጋጣሚዎች አንዱ ነው።

ፋር በ1850ዎቹ በተደረጉት ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ጉባኤዎች ላይ አገሮች ሁሉ የሚስማሙበት የሞት ምክንያቶች ዝርዝር እንዲኖር ሠርቷል። ባቀረበው አመዳደብ አደጋን፣ ግድያንና ራስን ማጥፋትን የያዘው ክፍል ከበሽታዎች ተለይቶ ተቀመጠ። ዛሬ የዓለም ሆስፒታሎች የሚሠሩበት ዓለም አቀፍ የበሽታዎች አመዳደብ ሥሩ እስከዚህ ሥራ ይዘልቃል።

የመጨረሻ ዓመታት

ፋር በ1855 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ። በ1851ና በ1861 በተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች በረዳት ኮሚሽነርነት፣ በ1871 ደግሞ በኮሚሽነርነት አገልግሏል። የመሥሪያ ቤቱ ሹም ጆርጅ ግራሃም በ1879 ሲለቅ ብዙዎች ፋር እንደሚተካው ጠብቀው ነበር። ሹመቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ፋር በ1880 ሥራውን ለቀቀ፤ በዚያው ዓመትም የመንግሥት ኒሻን ተሸለመ። ኤፕሪል 14 ቀን 1883 በለንደን ሞቶ በብሮምሊ ተቀበረ። ከዘገባዎቹ የተመረጡት ጽሑፎች በኖኤል ሃምፍሪስ አዘጋጅነት በ1885 በመጽሐፍ ታተሙ።

የጋዜጣው ጥያቄ ከፋር በኋላ

ፋር በ1841 ሲጽፍ የጋዜጣን ተጽዕኖ በቁጥር ለመለካት አልሞከረም። ስለዚህ ጥያቄው ለረጅም ጊዜ ክርክር ሆኖ ቆየ። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ኤሚል ዱርካይም በ1897 ራስን ስለ ማጥፋት በጻፈው መጽሐፍ መኮረጅ በአንድ አገር ጠቅላላ ቁጥር ላይ ያለው ኃይል ትንሽ ነው ሲል ተከራከረ። በእርሱ አስተያየት ዋናው ምክንያት ሰው ከማኅበረሰቡ ጋር ያለው ትስስር መላላት ነው፤ ወሬው የሚያደርገው ቢበዛ የማይቀረውን ማፋጠን ነው።

በ1960ዎቹ ጀሮም ሞቶ የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ጋዜጦች በሥራ ማቆም አድማ ያልታተሙባቸውን ጊዜያት መረመረ። በመጀመሪያው ጥናቱ የሚታይ ለውጥ አላገኘም። በ1967ና በ1968 ለወራት ጋዜጣ ባልወጣበት በዲትሮይት ከተማ ግን ራሳቸውን ያጠፉ ሴቶች ቁጥር ቀንሶ አገኘው።

በ1974 የማኅበረሰብ ተመራማሪው ዴቪድ ፊሊፕስ ትልቅ ጋዜጣ በፊት ገጹ ራስን ስለ ማጥፋት ከጻፈ በኋላ ያሉትን ወራት ከሌሎች ወራት ጋር አነጻጸረ። ከእንዲህ ያለው ወሬ በኋላ የሟቾች ቁጥር እንደሚጨምርና ወሬው በሰፊው በተሰራጨ መጠን ጭማሪው እንደሚበዛ አሳየ። ፊሊፕስ ይህን ውጤት የቬርተር ተጽዕኖ ብሎ ሰየመው። ቬርተር ጀርመናዊው ደራሲ ገተ በ1774 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ ያለ ወጣት ነው፤ መጽሐፉ ወጣቶችን ለሞት ይጋብዛል ተብሎ በአንዳንድ ከተሞች ታግዶ ነበር። በፊሊፕስ ጥናት ፋር ያለ ስሌት የተናገረው ነገር ከ133 ዓመታት በኋላ የቁጥር ድጋፍ አገኘ።

ፋር የተመኘው የአዘጋጆች ስምምነት በተግባር የታየው በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ነው። በ1980ዎቹ በከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች ቁጥር ጨምሮ፣ ጋዜጦች እያንዳንዱን ጉዳይ በትልልቅ አርእስት ያወጡ ነበር። በ1987 የኦስትሪያ ራስን ማጥፋት መከላከያ ማኅበር ለጋዜጠኞች መመሪያ አዘጋጅቶ አቀረበ። ጋዜጦቹም ወሬውን አሳጠሩት፣ ከፊት ገጽ አወረዱት፣ ወይም ጨርሶ ተዉት። በዚያው ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በባቡሩ ላይ የሚደርሰው ሞት ከመጀመሪያው አጋማሽ ጋር ሲነጻጸር ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ።

የዛሬው የአዘጋገብ መመሪያ

የዓለም ጤና ድርጅት ለመገናኛ ብዙኃን ባለሙያዎች የመጀመሪያ መመሪያውን በ2000 አወጣ፤ በ2008፣ በ2017ና በ2023 አሻሽሎታል። እንደ ድርጅቱ ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን በማጥፋት ይሞታሉ። መመሪያው ጋዜጠኞችን የሚመክራቸው ዋና ዋና ነገሮች እነዚህ ናቸው።

ወሬውን በፊት ገጽ ላይ ማጉላትም ሆነ መደጋገም አይገባም። የአሟሟቱን መንገድ መግለጽ፣ ቦታውን መጥቀስ፣ ሟቹ የተወውን ደብዳቤ ወይም ፎቶግራፍ ማውጣት ይቅር። ድርጊቱ እንደ ጀግንነት፣ እንደ መፍትሔ ወይም እንደ ተራ ነገር ተደርጎ አይቅረብ። ምክንያቱን በአንድ ነገር ብቻ ማሳበብ፣ ለምሳሌ ፈተና ስለ ወደቀ ወይም ፍቅረኛው ስለ ተለየችው ብሎ መጻፍ፣ እውነቱን ያዛባል፤ ራስን ማጥፋት ብዙ ጊዜ የብዙ ነገሮች ድምር ነውና። ሟቹ ዝነኛ ሲሆን ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል። ሐዘንተኞችን ሲያነጋግሩ ሐዘናቸውን ማክበር፣ በወሬው መጨረሻም የተጨነቀ ሰው እርዳታ የት እንደሚያገኝ መጻፍ ይገባል።

ከእነዚህ ምክሮች ጀርባ ያለው ማስረጃ እየጠነከረ መጥቷል። በ2020 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመና ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ፣ ራሱን ስላጠፋ ዝነኛ ሰው ከተዘገበ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሟቾች ቁጥር በአማካይ 13 በመቶ ያህል እንደሚጨምር አግኝቷል። የአሟሟቱ መንገድ በተነገረ ጊዜ በዚያው መንገድ የሚሞቱት ጭማሪ ወደ 30 በመቶ ይደርሳል።

ጉዳዩ ሌላ ገጽም አለው። በ2010 የኦስትሪያ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ በመከራ ውስጥ ሞትን አስበው ነገር ግን ሌላ መውጫ ስላገኙ ሰዎች የሚናገሩ ጽሑፎች ከታተሙ በኋላ የሟቾች ቁጥር ሲቀንስ ታይቷል። ይህን የፓፓጌኖ ተጽዕኖ ብለውታል። ፓፓጌኖ በሞዛርት የ1791 ኦፔራ ውስጥ ተስፋ ቆርጦ ሳለ፣ ሌሎች መውጫ እንዳለ ሲያስታውሱት ሐሳቡን የሚተው ሰው ነው። ስለዚህ ጋዜጣ ዝም በማለት ብቻ ሳይሆን በደንብ በመናገርም ሰው ሊያድን ይችላል። ይህ የፋር ደብዳቤ ያልደረሰበት ነጥብ ነው። ፋር የጠየቀው ጎጂው ዝርዝር እንዲቀር ነበር፤ የኋላ ተመራማሪዎች በቦታው ምን ቢጻፍ እንደሚጠቅም ጨመሩበት።

ትሩፋት

የፋር ስም በለንደን የንጽህና አጠባበቅና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ሕንፃ ላይ ከታላላቅ የጤና ሰዎች ስም ጋር ተቀርጿል። ሞትን ከነምክንያቱ የመመዝገብ ሥርዓት በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በ2008 ዓ.ም. (2016 እ.ኤ.አ.) በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀምሯል፤ ሞትም ከሚመዘገቡት ኩነቶች አንዱ ነው።

ራስን ስለ ማጥፋት የጻፈው ክፍል ከሥራዎቹ መካከል ጥቂት ገጾች ብቻ ነው፤ ሆኖም የሥራውን ሁሉ መንፈስ ያሳያል። ፋር የሞትን ምክንያት በእውነተኛ ስሙ መጻፍና በይፋ መቁጠር ይገባል ብሎ ያምን ነበር፤ ያልተቆጠረ ሞት ሊከለከል አይችልምና። የአንድን ሰው ሞት ለወሬ ማዳመቂያ ማድረግ ግን በሌላ ቤት ሌላ ሞት ሊያስከትል እንደሚችል አየ። በረሃብ ሞት ላይ ዝም በሉ ሲባል እምቢ ያለውና በራስ ማጥፋት ወሬ ላይ ዝርዝሩን ቀንሱ ያለው ያው አንድ ሰው ነበር። በሁለቱም ላይ የተመለከተው አንድ ነገር ነው፦ የሚጻፈው ነገር ቀጥሎ ሊሞት የሚችለውን ሰው ያድነዋል ወይስ ይጎዳዋል የሚለውን።